በረመዳን የተለካ እግር

ሰው ሠራሽ እግር እየሠራሁ ነው የኖርኩት። ባለፈው ክረምት ከኦክላንዱ ክሊኒክ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ኬክ ቆረሱ፤ አለቃችንም እንደ ልማዱ ስሜን አበላሽቶ እየጠራ አመሰገነኝ። ከዚያ ሊን፣ ከሳን ሆዜ የምትመላለሰው ወጣት ባልደረባዬ፣ አዲስ የመጣውን ነገር ላሳይሽ ብላ ስልኳን አወጣች። የአንድ ደንበኛን የተቆረጠ እግር ዙሪያውን በስልኩ ቀረጸችና ጨረስኩ አለችኝ። ልኬት መውሰዷ ነበር። ጄሶ የለ፣ ባልዲ የለ፣ እጇ እንኳ አልቆሸሸም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእኔ ጥፍር ሥር ያለው ጄሶ ገና አልለቀቀም።

ይህን የምጽፈው ግን በስልኩ ተገርሜ አይደለም። በእጄ ከሠራኋቸው እግሮች ሁሉ አንዱ፣ ያውም በጣም የኮራሁበት፣ የአንድ ሰው ጉልበት እንዲቆረጥ ምክንያት ስለሆነ ነው። ዛሬም ድረስ ባሰብኩት ቁጥር ክው እላለሁ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮች ግቢውን ሞልተው ተራ በሚጠብቁበት ዘመን ነው። ከደሴ የመጣሁ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የተቀጠርኩት ጄሶ እንዳቦካ ነው። አስተማሪዬ ጋሽ ሥዩም ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው። ሶኬት የምንለው የተረፈው እግር የሚገባበትን፣ ቅል የመሰለውን ክፍል ነው፤ ጋሽ ሥዩም ልክ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሹት በከንፈር ቀለም ነበር። የእግሩን ጫፍ ቀይ ቀብተው ሶኬቱ ውስጥ ያስገቡና ሰውየውን ያስቆሙታል። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ይነካል፣ ያላረፈበት ባዶ ነው ማለት ነው። ቀለሙን መርካቶ ሄጄ የምገዛው እኔ ነበርኩ። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ተቀብተሽ የት ልትሄጂ ነው እያለ ሲያሾፍብኝ፣ ለወታደር እግር ነው ብዬ አስረድቼው አላውቅም።

ጋሽ ሥዩም አንድንም ሰው «ያምሃል?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ወታደሩ ቢያመውም አያመኝም ነው የሚለው ይሉ ነበር፤ አንዱ ወንድነቱ ይዞት፣ ሌላው እሳቸውን ላለማስቀየም። ስለዚህ ግቢውን ሦስት ጊዜ ያዞሩታል፣ ቁጭ አድርገው ስለ አገሩና ስለ ከብቱ ያስወሩታል፣ ደግመው ያስኬዱታል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ኮቴውን ያዳምጣሉ። በመጨረሻ እግሩን አስወልቀው ቆዳውን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። የሞቀ ቦታ ካገኙ ሶኬቱ ተመልሶ ይሞረዳል። ጄሶው ላይም ሁልጊዜ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ስም፣ ቀን፣ ልኬቱ የተወሰደበትን ሰዓት። እግር ውሃ ይይዛል፣ ይደርቃል፣ የጠዋቱና የማታው አንድ አይደለም። ሰዓቱን ሳልጽፍ የቀረሁ ቀን ጄሶውን መሬት ላይ ሰብረው እንደገና አስጀምረውኛል።

አሜሪካ ስመጣ እሳቸው የፈረሙልኝ ሰርተፍኬት ለምንም አልጠቀመኝም። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ወርክሾፕ ጓዳ ጄሶ ማቡካቱን ከዜሮ ጀመርኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ለአንድ ደንበኛ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይፈቅድም። ኮቴ ለማዳመጥ ዓይኔን ስጨፍን ተኛሽ ብሎ ይቆጣኛል። ቀጥሎ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ገባሁ፤ እዚያ ደግሞ አለቃዬ ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ እግር አይታ አታውቅም። ፈተናዬን አልፌ ፈቃዴን ካወጣሁ በኋላ ኦክላንድ ተቀጠርኩና እዚያው አረጀሁ። ቤቴ ሳን ሊያንድሮ ነው።

ሙባረክን የማውቀው እዚያው ሳን ሊያንድሮ፣ በአንድ አፓርትመንት ጎረቤት ሆነን ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከእናቱ ከእትዬ ከድጃ ጋር ከኮምቦልቻ መጣ። አድጎ መጋዘን ሲሠራ ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት ግራ እግሩን ጨፈለቀውና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የመጀመሪያውን እግር የሠራሁለት እኔ ነኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲበዛ ጨዋ። ሠላሳ ዓመት አልፎት እንኳ እኔን ሳያስቀድም በር አልፎ አያውቅም፤ ከእጄ ዕቃ ሳይቀበለኝ ደረጃ ወጥቼ አላውቅም። እናቱ ታላቅ ሰው የሰጠህን አትመልስ እያለች ነው ያሳደገችው።

አንድ ቅዳሜ አላሜዳ ጌም አለኝ፣ ይምጡና ይዩኝ አለኝ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚጫወቱት ቅርጫት ኳስ መስሎኝ ሄድኩ። የድሮው የባሕር ኃይል ሰፈር አጠገብ ያለ የሣር ሜዳ ነው። ስደርስ ሙባረክ እኔ በሠራሁለት እግር፣ ሞላላ ኳስ በብብቱ ይዞ ይሮጣል። አንድ እጅ የሌለው ግዙፍ ሰው ከጎን መጣና ወገቡን አቅፎ መሬት አስመታው። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው እንዳይወድቅ ስጠበብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ኧረ በአላህ እያልኩ ቦርሳዬን ይዤ ሜዳ ውስጥ ገባሁ። ጨዋታው ቆመ። ሙባረክ ተነስቶ ሣሩን ከፂሙ እያራገፈ ይስቃል።

ግዙፉ ሰው አሰልጣኙ ሲዮኔ ነበር፤ የቶንጋ ሰው ነው፣ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። በግራ እጁ ክንዴን ይዞ በትህትና ከሜዳ አወጣኝና ሁሉን አስረዳኝ። ጨዋታው ራግቢ ሊግ ይባላል፤ ኳሱን ይዞ መሮጥና ሯጩን አቅፎ መጣል ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ቡድን እየተቋቋመ ነው፤ ከዚህ አካባቢ የሚመረጡት እሱ ጋ ይለማመዳሉ። ጉዳቱ ከበድ ያለ ተጫዋች ቀይ ቁምጣ ይለብሳል፣ እሱን በእጅ መንካት እንጂ መጣል ክልክል ነው። ጥቁር ቁምጣ ለለበሰ ግን ምሕረት የለም። የሙባረክ ጥቁር ነበር። ቦርሳዬን አቅፌ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ማብቂያው ሙባረክ ሁለት ሰው አልፎ ነጥብ ሲያስቆጥር ግን ጮኼ ተነሳሁ፤ ያ እግር የእኔ እጅ ሥራ ነው እያልኩ ለማላውቃቸው ሰዎች አወራሁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሎን መፍቻዬንና ፕላስተሬን ይዤ የማልቀር ሆንኩ።

የመጨረሻው ምርጫ ከኢድ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሳን ሆዜ እንዲሆን ተወሰነ። የተመረጡት ባሕር ማዶ ሄደው ይጫወታሉ። ሙባረክ ለዚህ ቀን ሁለት ዓመት ደክሟል። የቀድሞው ሶኬት ግን ሰፍቶት እግሩ ውስጡ ይዋልል ጀመር። ኢንሹራንሱ እስኪፈቅድ ብንጠብቅ ምርጫው ያልፋል፤ አለቃዬን ለምኜ ከሥራ ሰዓት በኋላ እንድሠራለት ፈቀደልኝ።

ረመዳን ነው። እሱም እኔም ጾመኛ ነን። ልኬቱን የወሰድኩት በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ፣ ቀኑ ሲያጋድል፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ የማፍጠሪያውን ማግሪብ እየጠበቅን ነው። የረጠበውን የጄሶ ጨርቅ እግሩ ላይ ስጠመጥም ደክሞኝ ነበር፤ ግን ደስ የሚል ድካም ነው። ስለ ኮምቦልቻ ስለ ደሴ እያወራን አፈጠርን። በቀጣዩ ሳምንት አራት ማታ ሠራሁ። ሳስለካው እንደ ጓንት ገጠመ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ልክ የሠራሁ አይመስለኝም። በኢድ ዋዜማ ስሰጠው እትዬ ከድጃ እጇን ዘርግታ ረጅም ዱዓ አደረገችልኝ። ሙባረክ ትከሻዬን ሳመ።

ከኢድ በኋላ በስልክ ሦስት ጊዜ እግሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሦስቱንም ጊዜ «አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ፣ ምንም ፕሮብሌም የለውም» አለኝ። ቤታቸው ተጠርቼ ሄጄ ስንበላ ከወለሉ ሲነሳ ፊቱ ሲጨማደድ አይቻለሁ። ደንዝዞኝ ነው አለ። አጠገቤ ነበር፤ እጄን ሰድጄ መዳሰስ እችል ነበር። ግን እንግዳ ነኝ፣ በልቼ ጠግቤያለሁ፣ እናትየው ደግሞ የእጄን ሥራ እያሞገሰች ነው። እጄን አልዘረጋሁም።

የምርጫው ቀን ሲዮኔ ወደ እኔ መጥቶ ሰውሽ ሚስማር እንደረገጠ ሰው ነው የሚሮጠው አለኝ። ሙባረክን ጠርቼ ጠየቅሁት። ምንም አይደለም አለ። አሁንም አመንኩት። ቀኑን ሙሉ ተጫወተ፤ ሲጣል ተነሳ፣ ሲነሳ ተጣለ። አመሻሽ ላይ ስሞቹ ሲነበቡ የእሱ አራተኛ ነበር። ጓደኞቹ ተሸክመው አዞሩት። ከትከሻቸው ሲያወርዱት ግን መቆም አልቻለም።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ማላቀቂያውን ተጫንኩ። ቀጭ አለ፣ እግሩ ግን አልወጣም። አብጦ ተቀርቅሯል። ሲዮኔ ሙባረክን ከኋላ አቅፎ ያዘልኝ፣ እኔ ሳብኩ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ ካልሲው፤ ነጭ ካልሲ ነበር፣ ነጭ የቀረው አፉ ብቻ ነው። ከጉልበቱ ሥር በስተውጭ በኩል ቆዳው ተልጦ፣ ሥጋው ጠቁሮ፣ ውስጡ አጥንት የሚመስል ነገር ይታያል። ብዙ ቁስል አይቻለሁ፤ ከጦር ሜዳ የመጣ ቁስል አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን በራሴ ሥራ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሲዮኔ አምቡላንስ ሲጠራ ይሰማኛል፣ እኔ ግን ካልሲውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ የጠየቅሁት በስንት ጊዜዬ እንደሆነ አላውቅም። ከኢድ ማግስት ጀምሮ አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ በጾም አፍዎ፣ ከሥራ በኋላ ቆመው ነው የሠሩልኝ። እንዴት ብዬ ያመኛል ልበልዎት?»

ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሊያተርፉት ሞከሩ። መመረዙ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ጉልበት ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት ለማያውቅ ሰው ትንሽ ይመስላል። ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር መነሳት፣ ለሰላት መንበርከክ፣ መሮጥ ሁሉ ጉልበት ነው። ቡድኑ ያለ እሱ ባሕር ማዶ ሄዶ ተጫውቶ መጣ።

እሱ ሆስፒታል በገባ ማግስት ክሊኒክ ገብቼ የዕቃ ክፍሉን ከፈትኩ። የሙባረክን የጄሶ ቅርጽ ከመደርደሪያው አወረድኩት። ጎኑ ላይ በእርሳስ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ስሙና ቀኑ አለ፤ ከሥሩ «ከአስር ሰላት በኋላ፣ ጾመኛ» ይላል። ጽፌዋለሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ የዋለ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጾም የከረመ ሰው እግር ከስቶ ነው የሚለካው፤ ከኢድ በኋላ ሲበላና ሲጠጣ መልሶ ይሞላል። እንደ ጓንት የገጠመው ለጾመኛው እግር ነበር። ይህን የማያውቅ አሜሪካዊ ባለሙያ ቢሳሳት አይፈረድበትም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የእኔ ጫማ ራሱ ሰፍቶኝ ነበር። በደመነፍስ ጻፍኩት፣ አላነበብኩትም። ጥፋቱን ለአለቃዬ አንድም ሳልደብቅ በጽሑፍ ሰጠሁ።

እትዬ ከድጃ ዘንድ ስሄድ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። በሩን ከፍታ አቀፈችኝ። የአላህ ውሳኔ ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ ትለኛለች። አልቻልኩም። የአላህ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ጾመኛ እግር ለክቼ ለሚበላ ሰው ሶኬት ሠራሁ፣ ከዚያም በዓይኔ ሳላይ በአፉ አመንኩት አልኳት። ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «ታዲያ እርስዎም እኮ ጾመኛ ነበሩ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጡረታዬን አራት ወር አራዘምኩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሙባረክን አዲስ እግር ራሴ ሠርቼ ልሂድ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ሲዮኔም ይጠብቀው ነበር፤ በአዲሱ እግር መሮጥ ከቻለ በሚቀጥለው ምርጫ ቀይ ቁምጣ አለብሰዋለሁ ብሏል። ሶኬቱ ከገጠመ ወደ ሜዳ ይመለሳል፣ ካልገጠመ አበቃለት። ሙባረክ ለልኬት በመጣ ጠዋት ባልዲውን ሞልቼ፣ ጨርቁን ቆራርጬ፣ ሽርጤን አስሬ ጠበቅሁት። ቁርሱን እንደበላ፣ ውሃ እንደጠጣ ጠየቅሁት። በልቻለሁ አለ። በምርኩዙ ቆሞ ግን አልቀመጥም አለኝ።

«እትዬ፣ ሶሪ። እርስዎ እንዲሠሩልኝ አልፈልግም።»

እንዲህ ሲናገረኝ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ፊቴ ጋለ። ይቅር ያላለኝ መሰለኝ፤ መብቱ ነው ብዬ ባልዲውን ለማንሳት ጎንበስ ስል አስቆመኝ።

«ተናድጄ አይደለም። እርስዎን ያመኛል ማለት አልችልም። ቤት መስታወት ፊት ፕራክቲስ አድርጌ ነው የመጣሁት። እርስዎ ፊት ስቀመጥ ግን አፌ አልሐምዱሊላህ ነው የሚለው። ሊንን አላውቃትም። እሷን እችላለሁ።»

አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሥራዬ ብዙ አለቃ ገስጾኛል፤ እንደዚህ እውነቱን የነገረኝ ግን የለም። እሺ አልኩት። ሽርጤን ፈትቼ ሊንን ጠራኋት፣ ፋይሉን አስረከብኳት፣ ከክፍሉ ወጣሁ።

ሙከራው ከጡረታዬ ሁለት ሳምንት በፊት ነበር። እትዬ ከድጃ አብራው መጥታ ነበርና ከእሷ ጋር ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በሩ ገርበብ ብሏል። ኮቴው ይሰማል፤ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት፣ ከዚያ ዝም። «እዚህ ጋ ያመኛል» አላት በእንግሊዝኛ። ሊን ሶኬቱን አስወልቃ ስትሞርድ ይሰማናል። እንደገና ቆመ፣ አራት እርምጃ። «አሁንም ያመኛል። ከኋላ በኩል።» ሞረዱ ቀጠለ። በሦስተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እየተቆጣ ተናገረ። እትዬ ከድጃ በሐፍረት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ልትገባ ከወንበሩ ብድግ አለች። ልጅቱን አለፋት፣ አመስግኖ አይወጣም እንዴ ትላለች። ክንዷን ይዤ ከጎኔ አስቀመጥኳት።

«ይተዉት» አልኳት፤ «ይናገር።»

እንባዬ እየወረደ ነበር፤ አላበስኩትም። ውስጥ ሙባረክ ገና አይሆንም አለ። ሊንም እሺ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።